የሱቁ አረንጓዴና የቤቱ አረንጓዴ

አጎቴ ጡረታ በወጡ በዓመቱ ጠበላ የሚገኘውን ቤታቸውን ለማስቀባት ተነሡ። ጠበላ የሁምቦ ወረዳ ዋና ከተማ ናት፤ ከሶዶ ወደ አርባ ምንጭ ሲወርዱ ሃያ ኪሎ ሜትር ሳይሞላ ትገኛለች። ጊዜው ነሐሴ ነበር፤ የወላይታ ዘመን መለወጫ ግፋታ ሊገባ ወር ከምናምን ቀርቶታል። በወላይታ ይህ ወቅት ቤት የሚታደስበት ነው። የደከመው ግድግዳ ይለቀለቃል፣ የቻለም ቀለም ያስቀባል። አጎቴ ዕድሜያቸውን ሒሳብ ሲያስተምሩ የኖሩ ሰው ናቸው። «ሳሎኑንም መኝታ ቤቱንም አረንጓዴ አድርጌ ልረፍ፤ አረንጓዴ ዓይን ያሳርፋል» አሉኝ። «የትኛው አረንጓዴ?» ብዬ አልጠየቅሁም። ሳልጠይቅ የቀረሁት ያ ጥያቄ ሁለቱን ክፍል ሁለት ጊዜ አስቀባን።

ቀለሙን እንድገዛ የተላክሁት እኔ ነበርሁ። ሶዶ አንድ የሕንፃ መሣሪያ መደብር ገባሁና ባለሱቁ ካታሎግ ዘረጋልኝ። ገጹ በሙሉ አረንጓዴ ነው፤ እያንዳንዷ ናሙና ግን ከክብሪት ቀፎ አትበልጥም። ከላይ ድርቅ ያለ ነጭ ፍሎረሰንት ይበራል። በዚያ ብርሃን ሁለት ለየሁ። አንደኛው ግራጫ የነካው፣ በለጋ ባሕር ዛፍ ቅጠል ላይ የሚታየውን አቧራ መሳይ ንጣት የያዘ አረንጓዴ ነው። ሁለተኛው ቢጫ የበዛበት፣ ገና ከጥቅልሉ የተፈታ የእንሰት ቅጠል ፀሐይ ሲያልፍበት የሚመስለውን የሚመስል ነው። ካታሎጉ ለሁለቱም የባዕድ ስም ሰጥቷቸዋል። እኔ ግን «ባሕር ዛፍ» እና «እንሰት» ብዬ ያዝኋቸው፤ እዚህም እንዲሁ እጠራቸዋለሁ።

አመራረጤ በቃል ሲነገር እንከን የለውም። ሳሎን እንግዳ የሚቀመጥበት ነው፣ የረጋ ቀለም ይስማማዋል፤ ስለዚህ ባሕር ዛፍ። መኝታ ቤቱ ጨለም ይላል፣ ብሩህ ቀለም ያነቃዋል፤ ስለዚህ እንሰት። ጋሎኖቹን ሚኒባስ ላይ አስጭኜ ወረድሁና ከሁለት የሰፈር ልጆች ጋር ሆነን በሦስት ቀን ጨረስነው።

ሳሎኑ ጠዋት ጠዋት ቀዝቀዝ ይበል እንጂ ደህና ነበር። ጉዱ የሚመጣው ከሰዓት በኋላ ነው። በአራተኛው ቀን ወደ አሥር ሰዓት ላይ አንድ ጎረቤት ለቡና ገብተው ተቀመጡ። ግድግዳውን ዞር ዞር ብለው አዩና፣ «ልስኑ ደረቀላችሁ? ቀቢው መቼ ነው የሚመጣው?» ብለው ጠየቁ። አጎቴ ሲኒያቸውን አስቀመጡ። እውነት ነበር፤ ግድግዳው አመድ ከቀይ ጭቃ ጋር የተበጠበጠ ይመስላል። አረንጓዴነቱ የገባበት አይታወቅም።

መኝታ ቤቱ ደግሞ በሌላ በኩል አጠፋ። እትዬ፣ የአጎቴ ባለቤት፣ በማለዳ መስታወት ፊት ቆመው ነጠላቸውን ሲያስተካክሉ ተጣሩ። «ልጄ፣ ና እስቲ እየኝ፤ ወባ ይዞኛል እንዴ?» ወባ አልያዛቸውም። ከጓሮው እንሰት ውስጥ ተጣርቶ የገባው ብርሃን በእንሰት ቀለሙ ግድግዳ ላይ ተባዝቶ ፊታቸው ላይ አርፎ ነው። ነጠላው፣ ትራሱ፣ ኮርኒሱ ሳይቀር አረንጓዴ ለብሷል።

ከዚህ በኋላ ነው የከተማው ነባር ቀለም ቀቢ የተጠሩት። እሳቸው ሁለቱን ክፍል ዞረው አይተው ብዙ አልተናገሩም። «ቀለሙ አልበደላችሁም፣ መምህር» አሉ ለአጎቴ። «እናንተ ናችሁ ቤቱን ያልጠየቃችሁት።»

ከዚያ እሳቸው ራሳቸው መጠየቅ ጀመሩ። ልስኑ ስንት ጊዜው ነው? አዲስ የሲሚንቶ ልስን ወር ያህል ካልቆየ እርጥበቱና ውስጡ ያለው የኖራ ባሕርይ ቀለሙን ያቃጥለዋል፣ እያበጠም ይነሣል። ግድግዳው ከሥር ውሃ ይስባል ወይ? የሚስብ ከሆነ ችግሩ ቀለም አይደለም፣ የቤቱ መሠረትና የጣራው ፍሳሽ ነው። ቤቱ ለወባ ተረጭቷል ወይ? ይህን ሲጠይቁ እትዬ ደነገጡ። ወደ አባያ ሐይቅ የሚወርደው የሁምቦ ቆላ ወባ ያለበት አገር ነው፤ በግድግዳ ላይ የሚረጨው ኬሚካል የሚሠራው ደግሞ ትንኟ ስታርፍበት ነው። ከተረጨ በኋላ ግድግዳውን የለቀለቀ ወይም የቀባ ሰው መድኃኒቱን በገዛ እጁ ሸፈነው ማለት ነው። ግድግዳ የሚቀባው ኬሚካሉ ከመረጨቱ በፊት እንጂ ከተረጨ በኋላ አይደለም። ደግነቱ ቤቱ በዚያ ዓመት ገና አልተረጨም ነበር።

ቀቢው ቀጥለው ሁለት የካርቶን ክዳን አስመጡ፤ እያንዳንዱ የእንጀራ ምጣድ ያህል ይሰፋል። በአንዱ ባሕር ዛፉን፣ በሌላው እንሰቱን ሁለት ሁለት እጅ ቀቡ። ዙሪያውን ግን አራት ጣት ያህል ነጭ ጠርዝ ተዉ። «ይህ ለምንድን ነው፣ ጋሼ?» አልኋቸው። «አሮጌው ቀለም ከጎኑ ሆኖ አዲሱን እንዳያሳስትብን» አሉኝ። ካርቶኖቹ በሚገባ ሲደርቁ በየግድግዳው ሥር እያቆምን እንድናያቸው አዘዙና ለሦስት ቀን ተሰናበቱ።

ከዚህ ወዲያ ሥራው የአጎቴ ሆነ። የተማሪ ውጤት ይመዘግቡበት እንደነበረው ያለ ሠንጠረዥ በአንዱ ካርቶን ጀርባ በእርሳስ አሰመሩ። በቁም ሰዓቱን ጻፉ፦ ጠዋት አንድ፣ ቀትር ስድስት፣ ከሰዓት አሥር፣ ማታ ሁለት፣ መጨረሻም «መብራት ሲጠፋ»። በአግድም አራቱን የሳሎን ግድግዳና አራቱን የመኝታ ቤት ግድግዳ ደረደሩ። ለእያንዳንዱ ከአሥር ነጥብ ሰጡ። ባሕር ዛፍ ሳሎን ውስጥ ጠዋት ሰባት አገኘ፤ አሥር ሰዓት ላይ ሦስት። መኝታ ቤት ሲገባ ግን ያው ባሕር ዛፍ ከስምንት በታች አልወረደም። አጎቴ መነጽራቸውን አውልቀው፣ «ይህ ልጅ ሰነፍ አይደለም፤ ክፍሉን ነው ያሳሳትንበት» አሉ።

ምክንያቱን መርምረን ስናገኘው ቀላል ነበር። የሳሎኑ መስኮቶች ወደ ምዕራብ ይመለከታሉ፤ ፊት ለፊታቸው ያለው ግቢ ቀይ አፈር ነው፤ ወለሉም ቀይ ሊሾ። ከሰዓት በኋላ ፀሐይ ግቢውን ስትመታው ወደ ቤት የሚገባው ብርሃን ከአፈሩ ነጥሮ፣ ከሊሾው ደግሞ ተንጸባርቆ፣ ቀላ ብሎ ይደርሳል። ግራጫ የነካው አረንጓዴ ሁሉንም ቀለም ሊስተካከል በቀረበ መጠን ይመልሳል፤ አረንጓዴው የሚበልጠው በጥቂት ነው። በዚህች ጥቂት ብልጫ ላይ ቀይ ብርሃን ሲጨመርባት ትጠፋለች፤ የሚቀረው አመድ ነው። እንሰቱ ግን ብልጫው ሰፊ ስለሆነ ቀዩ ቢያደክመውም አያጠፋውም፤ ወደ ወይራ ቅጠል ዘወር ያደርገዋል እንጂ።

መኝታ ቤቱ የዚህ ግልባጭ ነው። የወላይታ ቤት ከጓሮው እንሰት ይከብበዋል፤ በዚያ መስኮት የሚገባው ብርሃን ቅጠል ለቅጠል ሲተላለፍ ቆይቶ አረንጓዴ ሆኖ ነው የሚደርሰው። ያን ብርሃን በጠንካራ አረንጓዴ ግድግዳ ላይ መልቀቅ በተቀቀለ ሥጋ ላይ ጨው ደጋግሞ እንደ መነስነስ ነው። ባሕር ዛፉ ግን የሰጡትን የሚመልስ ቀለም ስለሆነ የሚጎድለውን አረንጓዴ ከጓሮው ይበደራል። ባሕር ዛፍ አዳማጭ ነው፣ እንሰት ተናጋሪ ነው። እኛ ተናጋሪውን ከተናጋሪ ጋር፣ አዳማጩን ከሚጮኽ ጋር አስቀምጠናቸው ነበር።

አንዳንድ ካታሎግ ከናሙናው ሥር ከ0 እስከ 100 ያለ ቁጥር ያትማል። 0 ብርሃንን ሁሉ የሚውጥ ጥቁር፣ 100 ሁሉን የሚመልስ ነጭ ነው። ይህ ቁጥር ጨለማ ክፍልን ለማንቃት ይጠቅማል፤ ሆኖም የሚነግረን ምን ያህል ብርሃን እንደሚመለስ እንጂ የገባው ብርሃን ምን ዓይነት እንደሆነ አይደለም። የክብሪት ቀፎ የምታህለዋ ናሙናም ሌላ ነገር ትደብቃለች። ግድግዳ ለግድግዳ ያበራል፤ አራቱ ፊት ለፊት ተያይተው ቀለማቸውን ሲቀባበሉ በካታሎግ ላይ ለስላሳ የነበረው ክፍል ውስጥ ይጠነክራል። የውሃ ቀለም ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ሲደርቅ ከእርጥቡ ጠቆር ይላል። ስለዚህ እርጥብ ቀለም አይቶ «ወደድሁት» ማለት ሊጥ አይቶ እንጀራ እንደ ማመስገን ነው።

በዚሁ ሰሞን ስለ ቤት ቀለም የሚያወሩ የውጭ መጻሕፍትን ምክር ለአጎቴ አነበብሁላቸው። «ወደ ሰሜን የሚመለከት ክፍል ቀዝቃዛ ብርሃን ስለሚያገኝ ሞቅ ያለ አረንጓዴ ምረጡ፤ ወደ ደቡብ የሚመለከተው ቀዝቀዝ ያለ ይችላል» የሚል ነው ሐሳቡ። አጎቴ ጣታቸውን አነሡ። «ይህ የት አገር የተጻፈ ነው?» አውሮፓና ሰሜን አሜሪካ ነው። በዚያ ፀሐይ ቀትር ላይ ዓመቱን ሙሉ በደቡብ በኩል ትሆናለች። ሁምቦ ግን ከምድር ወገብ በስተ ሰሜን ሰባት ዲግሪ እንኳ አይርቅም። እዚህ ፀሐይ በዓመት ሁለት ጊዜ አናት ላይ ትቆማለች። ከመጋቢት መጨረሻ እስከ ነሐሴ መጨረሻ ቀትር ላይ በሰሜን፣ በቀረው ወራት በደቡብ በኩል ታልፋለች። ሁለቱም አቅጣጫ ተራ ይደርሰዋል።

አጎቴ ይህን በቃል ብቻ አልተዉትም። ደመናው በተገለጠ አንድ የነሐሴ ማለቂያ ቀን ግቢው ውስጥ ቀጥ ያለ እንጨት ተክለው ጠበቁ። ስድስት ሰዓት ተኩል ገደማ ላይ ጥላው እያጠረ እያጠረ መጥቶ ከእንጨቱ ሥር ሊጠፋ ምንም አልቀረውም። «እንግዲህ ለእኛ ሰሜንና ደቡብ ብዙ አይነግሩንም፤ ቁምነገሩ ምሥራቅና ምዕራብ ነው» አሉ። ጠዋት የሚነቁበት ክፍልና ማታ የሚቀመጡበት ክፍል የሚለያዩት በዚያ ነው። የአውሮፓን ሰሜን ሁምቦ ላይ ማምጣት ካታሎጉን ሳያዩ ከመግዛት አይሻልም።

የማታው ረድፍም የራሱን ነገር ነገረን። ቤቱ ውስጥ የነበረው ነጭ የኤልኢዲ አምፖል ሰማያዊ ያዘለ ስለሆነ ባሕር ዛፉን ወደ ሆስፒታል ግድግዳ ወሰደው። አንዱን አምፖል ቢጫ ብርሃን በሚሰጥ ስንለውጠው ቀለሙ ተመለሰ። መብራት ጠፍቶ ሻማ ሲበራ ደግሞ ሁለቱ ካርቶኖች ከሞላ ጎደል ተመሳሰሉ። በአንድ ብርሃን መንታ የሚመስሉ ሁለት ቀለሞች በሌላው ባዕድ ሊሆኑ ይችላሉ። ከግድግዳ በፊት አምፖል መለወጥ ደግሞ ከአንድ ጋሎን ቀለም ይረክሳል።

«ግን አረንጓዴ ዓይን ያሳርፋል ያልሁት ስሕተት ነው?» አሉ አጎቴ አንድ ማታ። ስሕተት አልነበረም፤ ጎዶሎ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1914 በሳን ፍራንሲስኮ ሃሪ ሸርማን የተባለ ቀዶ ሐኪም የቀዶ ጥገና ክፍሉን በአረንጓዴ አስቀባ። በዚያ ዘመን ክፍሉም ልብሱም ነጭ ነበር። ቀይ ደም ላይ አፍጥጦ የቆየ ዓይን ወደ ነጭ ሲዞር ንጣቱ ያፈዘዋል፤ የቀዩ ተቃራኒ የሆነ አረንጓዴ ጥላም ነጩ ላይ ይንሳፈፍበታል። ግድግዳው አረንጓዴ ሲሆን ያ ጥላ ይዋጣል፣ ዓይንም ያርፋል። አረንጓዴው ያሳረፈው ዓይኑ ሲያይ የቆየው ቀይ ስለነበረ ነው። በአጎቴ ሳሎን ግድግዳ ላይ የተሰቀለ ዱንጉዛ፣ የወላይታ የባህል ጨርቅ፣ አለ፤ ቀይ፣ ቢጫና ጥቁር። ያን ጨርቅ በአረንጓዴ ካርቶኑ ፊት ስንይዘው ቀዩ ሲነድ ታየ፤ አረንጓዴውም በአጠገቡ ታደሰ። ቀለም ጎረቤቱን ይመስላል፣ ወይም ከጎረቤቱ ይጣላል።

ቀቢው በቀጠሮአቸው ሲመለሱ ካርቶኑን ከማየታቸው በፊት የጋሎኑን ጀርባ አዙረው ጽሑፉን አነበቡ። «ሁለቱን ታወዳድራላችሁ፤ ውስጣቸው ያለውን ግን አንብባችኋል?» አላነበብንም። እኔም ያኔ የሰማሁትን አንድ የቆየ ታሪክ በቡናው ላይ አወራሁላቸው፤ የሁለት አረንጓዴዎች ፉክክር ነው።

እ.ኤ.አ. በ1775 ካርል ቪልሄልም ሼሌ የተባለ የስዊድን ኬሚስት ከመዳብና ከአርሴኒክ የተሠራ አዲስ አረንጓዴ ቀለም አገኘ። ከዚያ በፊት የነበሩት አረንጓዴዎች የደበዘዙ ወይም ቶሎ የሚለወጡ ስለነበሩ የሼሌ አረንጓዴ ተወደደ። በ1814 ደግሞ በጀርመኗ ሽዋይንፉርት ከተማ ሁለተኛ አረንጓዴ ተሠራ፤ በኋላ ከተሰጡት ስሞች አንዱ የፓሪስ አረንጓዴ ነው። ሰዎች ሁለቱን አወዳደሩ። የሼሌው ሰልፈር ያለበት አየር ሲነካው ይጠቁራል፤ አዲሱ ይበልጥ ያበራል፣ ይበልጥም ይቆያል። አዲሱ አሸነፈ። በግድግዳ ወረቀት፣ በመጋረጃ፣ በልጆች መጫወቻ ሳይቀር ገባ። የፉክክሩ ጥያቄዎች ሁለት ብቻ ነበሩ፦ የትኛው ያምራል? የትኛው ይቆያል? ሁለቱም አርሴኒክ ያለባቸው መሆኑ በሚዛኑ ላይ አልወጣም።

የጀርመኑ ኬሚስት ሊዮፖልድ ግሜሊን በ1839 እርጥበት ያለባቸው አረንጓዴ ክፍሎች ውስጥ እንግዳ ሽታ እንዳለ ጠቅሶ አስጠነቀቀ። በ1862 ለንደን ላይምሃውስ በሚባል ሰፈር የአንድ ቤተሰብ አራት ልጆች ተከታትለው ሞቱ፤ ሐኪሙ የጠረጠረው የመኝታ ክፍላቸውን አረንጓዴ የግድግዳ ወረቀት ነበር። በ1890ዎቹ ጣሊያናዊው ባርቶሎሜዮ ጎሲዮ ነገሩን በቤተ ሙከራ አሳየ፤ በእርጥብ ግድግዳ ላይ የሚበቅል ሻጋታ የቀለሙን አርሴኒክ ወደ መርዛማ ጋዝ ይለውጠዋል፤ ጋዙም ነጭ ሽንኩርት ነጭ ሽንኩርት ይሸታል። የፓሪስ አረንጓዴ መጨረሻው ከስሙ የተለየ ሆነ። በአሜሪካ የድንች ጥንዚዛ መግደያ፣ በሃያኛው መቶ ዘመን መጀመሪያ ደግሞ በረግረግ ላይ እየተበተነ የወባ ትንኝ እጭ ማጥፊያ ሆኖ አገለገለ። ትናንት ሳሎን ያስጌጠው ነገር ማለት ነው።

እትዬ ራሳቸውን ነቀነቁ። «ታዲያ እኛ የቀባነውስ?» አርሴኒኩ ዛሬ የለም፤ የእኛ ዘመን ጥያቄ እርሳስ የሚባለው ብረት ነው። አንዳንድ የዘይት ቀለም አረንጓዴ የሚሆነው እርሳስ ያለበትን ደማቅ ቢጫ ከሰማያዊ ጋር በማዋሐድ ነው፤ እርሳስ ደግሞ የሕፃናትን አእምሮ ይጎዳል። ኢትዮጵያ በ2018 እ.ኤ.አ. በቀለም ውስጥ የሚፈቀደውን እርሳስ ከአንድ ሚሊዮን ክፍል 90 ብቻ እንዲሆን በደንብ ወስናለች። ገዢው የሚጠበቅበት ጋሎኑን አዙሮ «ከእርሳስ ነፃ» የሚል ጽሑፍ መኖሩን ማየት፣ አሮጌ የዘይት ቀለም ሲፋቅ ደግሞ ልጆችን ማራቅና ብናኙን በደረቁ ሳይጠርጉ በእርጥብ ጨርቅ ማንሣት ነው። የእኛዎቹ ጋሎኖች ጽሑፉ ነበራቸው። ቀቢው፣ «እንግዲህ አሁን ስለ መልክ እናውራ» አሉ።

እኔን ግን ከዚህ ሁሉ በላይ ያስተማረኝ ከአጎቴ በረንዳ ላይ የሚታየው ተራራ ነው።

የሁምቦ ተራራ በ1960ዎቹ መጨረሻ እ.ኤ.አ. ደኑ አልቆ ተራቁቶ ነበር። ዛፉ ለማገዶና ለከሰል ሄደ፤ አፈሩ ከጎርፍ ጋር ወረደ። አባያ ሐይቅ ቀላ ብሎ የሚታየው በውስጡ በተንሳፈፈው ደለል ነው፤ ከጎኑ ያለው ጫሞ ያን ያህል አይቀላም። በ2006 እ.ኤ.አ. ወርልድ ቪዥንና የአካባቢው ገበሬዎች፣ ከዓለም ባንክ ድጋፍ ጋር፣ 2,728 ሄክታር መሬት ለማልማት ተነሡ። አንድ ሰው ይህን ሲሰማ ከሩቅ ጣቢያ የመጣ ችግኝ በሺህ የሚተከል ይመስለዋል። አብዛኛው የተደረገው ሌላ ነበር። የተቆረጡት ዛፎች ጉቶ ከመሬት በታች በሕይወት ነበረ፤ በየዓመቱ ያቆጠቁጣል፣ ከብት ይግጠዋል፣ ሰው ይቆርጠዋል። ገበሬዎቹ ከብቱን ከለከሉ፤ ከቁጥቋጦው መካከል ብርቱውን ቀንበጥ መርጠው ሌላውን መለመሉ። ዘዴው አውስትራሊያዊው ቶኒ ሪናውዶ በ1980ዎቹ ኒጀር ውስጥ ያስፋፋው ነው። ሰባት የኅብረት ሥራ ማኅበራት ደኑን ተረከቡ። በታኅሣሥ 2009 እ.ኤ.አ. ፕሮጀክቱ በተባበሩት መንግሥታት የአየር ንብረት ስምምነት ሥር ተመዘገበ፤ በአፍሪካ በዓይነቱ የመጀመሪያው ትልቅ የደን ፕሮጀክት ሆነ። የዓለም ባንክ ፈንድም 165,000 ቶን የካርቦን ቅናሽ ለመግዛት ተዋዋለ።

ተራራው የለመለመው ከውጭ ከመጣው አስቀድሞ እዚያው ያለው ስለታየ ነው። ጉቶውን ሁሉም ያየው ነበር፤ ሕይወት እንዳለው አድርጎ ያየው ግን ጥቂት ነው። እኔ ሶዶ ሱቅ ውስጥ ቆሜ ሁለቱን አረንጓዴ ሳወዳድር ቀዩ ሊሾ፣ ቀዩ ግቢ፣ የጓሮው እንሰት፣ የዱንጉዛው ቀይ፣ የምዕራቡ መስኮት ሁሉም ቤት ነበሩ። ያወዳደርሁት ካታሎግን ከካታሎግ ጋር ነው። የሼሌንና የሽዋይንፉርትን አረንጓዴ ያወዳደሩትም ድምቀትን ከድምቀት ጋር ነበር። ሁለት ነገር ጎን ለጎን ሲቀመጥ ዓይናችን በሁለቱ መካከል ብቻ ይመላለሳል፤ የሚያርፉበት ቦታ ይረሳል።

ሁለቱን ክፍል ለሁለተኛ ጊዜ ስንቀባ አዲስ ቀለም አልገዛንም ማለት ይቻላል። ቀለሞቹን አቀያየርናቸው። ባሕር ዛፉ ወደ እንሰቱ ጓሮ ሄደ። እንሰቱ ወደ ሳሎን መጣ፤ ቀቢው ግን በአንድ እጅ ቀለም አንድ እጅ ነጭ ቀላቀሉበት፤ ጭማሪው ወጪያችን ያ ነጭ ብቻ ነበር። አሥር ሰዓት ላይ ቀዩ ብርሃን ሲገባ ግድግዳው ደረቅ ሣር ላይ እንደ ወረደ ጤዛ ረገብ ብሎ ሞቀ። እትዬ መስታወታቸው ፊት ቆመው ለረጅም ጊዜ ዝም አሉና፣ «ፊቴ ተመለሰልኝ» አሉ።

ግፋታ ደረሰ። ለበዓሉ የመጡት ያው የቡና ጎረቤት ሳሎኑን ዞር ዞር ብለው አይተው ቤታቸውን ሊያስቀቡ እንደሆነ ነገሩን። ከበሩ ኋላ በሚስማር የተሰቀለውን ካርቶን አይተው፣ አጎቴ በእርሳስ የጻፉትን ውጤት ተጠግተው አነበቡ። «መምህር፣ ይህን ያውሱኝ፤ እኔም በዚሁ እቀባለሁ።»

አጎቴ ካርቶኑን አወረዱ፤ ከኪሳቸው ላጲስ አወጡና ቁጥሮቹን አንድ በአንድ አጠፉ። ሰዓቶቹን ግን አልነኩም። «ካርቶኑን ይውሰዱ» አሉ ባዶውን ሠንጠረዥ እየሰጧቸው። «ውጤቱ የዚህ ቤት ነው። የእርስዎን እርስዎ ያርሙት።»